የሮሊንግ ስቶንስ የብሉዝ አልበም፦ በ3 ቀን የተቀዳ የ50 ዓመት ዕዳ

ሸክላ ሰብሳቢ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው አንድ አልበም አለ፤ ስለሱ የማወራው ሰው አጥቼ ነው ይህን ውይይት የከፈትኩት። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ "ብሉ ኤንድ ሎንሰም"፤ ሁሉም የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዘፈን ነው። የወጣው በዲሴምበር 2016 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያኔ አንዴ ሰምቼ "የራሳቸው ሲያልቅባቸው የሰው ዘፈን ይዘው መጡ" ብዬ አልፌው ነበር። ፍርዴ ልክ አልነበረም።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ባንዱ ከ2005ቱ "ኤ ቢገር ባንግ" በኋላ ለአሥር ዓመት አዲስ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም ነበር። በዲሴምበር 2015 ምዕራብ ለንደን ውስጥ ብሪቲሽ ግሮቭ ስቱዲዮ ገቡ፤ የዳየር ስትሬትስ ባንዱ የማርክ ኖፕፍለር ስቱዲዮ ነው። የገቡት አዲስ ዘፈን ሊቀዱ ነበር። አዲሱ ነገር ግን እንቢ አላቸው። እጃቸውን ለማፍታታት የቺካጎውን የብሉዝ ሃርሞኒካ ተጫዋች የሊትል ዎልተርን "ብሉ ኤንድ ሎንሰም" ተጫወቱ፤ የጠፋው ድምፅ ያኔ ተገኘ። አንድ ጨመሩ፣ ሌላ ጨመሩ፣ በሦስት ቀን 12 ዘፈን ሞላ። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እየተጫወቱ የተቀዳ ነው። ከ12ቱ አንዱም የድምፃዊው የሚክ ጃገርና የጊታር ተጫዋቹ የኪት ሪቻርድስ ድርሰት አይደለም፤ በባንዱ የስቱዲዮ አልበሞች ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

አሁን ስሰማው ልቤን የያዘው የዕድሜው ነገር ነው። በ1962 ለንደን ላይ ሲጀምሩ ጎረምሶች ነበሩ፤ የሚዘፍኑት ግን ብዙ ያዩ፣ ብዙ የተጎዱ ሰዎችን ዘፈን ነው። የባንዱ ስም ራሱ ከብሉዝ ድምፃዊው ከመዲ ዎተርስ የ1950 ዘፈን የመጣ ነው። ጃገርና ሪቻርድስ በ1961 ዳርትፎርድ ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ፣ ወሬ ያስጀመራቸው ጃገር ይዞት የነበረው የቸክ ቤሪና የመዲ ዎተርስ ሸክላ ነው። ያን ጊዜ ድምፃቸውን አወፍረው ትልቅ ሰው ለመምሰል ይጥሩ ነበር። ይህን አልበም ሲቀዱ ግን ጃገር 72 ዓመቱ፣ ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ 74 ዓመቱ ነው። ሊትል ዎልተር የሞተው በ37 ዓመቱ ነው። ዘፈኑን የወሰዱለት ሌላው ሰው ማጂክ ሳም በ32። ተማሪዎቹ የመምህሮቻቸውን ዕድሜ እጥፍ ያህል ኖረው ነው ወደ ዘፈኑ የተመለሱት። ጃገር "ሄት ቱ ሲ ዩ ጎ"ን ሲዘፍን አሁን ማንንም መምሰል አያስፈልገውም።

እናንተስ እንዴት ሰማችሁት? በተለይ የማይስማማ ሰው ይጻፍልኝ።

የፒያሳው

ከጠየቅህማ እኔ አልስማማም።

አልበሙ ጥሩ ነው፤ መጥፎ አልልም። ግን የመጨረሻውን ዘፈን፣ "አይ ካንት ኩዊት ዩ ቤቢ"ን፣ ከኦቲስ ራሽ ጋር አስተያየው። ኦቲስ ራሽ ያን ዘፈን በ1956 ቺካጎ ውስጥ ሲቀዳ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ለኮብራ የሸክላ ኩባንያ የመጀመሪያው ሸክላ ነው፤ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን። መግቢያ ሙዚቃ እንኳን አይጠብቅም፣ ድምፁን ለቆት ይጀምራል፤ ሰውነትህ ውስጥ የሆነ ነገር ይነቀላል። አንተ "ዕድሜ ይፈልጋል" ትላለህ፤ ያ ልጅ ዕድሜ አልነበረውም። የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ከሚሲሲፒ ወጥቶ ቺካጎ የገባ ጥቁር ወጣት በዚያ ዘመን የተሸከመው ነገር። ያንን 72 ዓመት በምቾት መኖር አያመጣውም።

የስቶንሶቹ ቅጂ ላይ ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ክላፕተን አብሮ አለ። በዚያው ሕንፃ ጎን ካለው ስቱዲዮ የራሱን አልበም እየሠራ ሳለ ጠርተውት ነው፤ በሁለት ዘፈን ተጫውቷል። ጊታሩ ያምራል። ማማር ግን ሌላ ነው።

ሃርሞኒካዬ

የፒያሳው፣ ስለ ኦቲስ ራሽ ያልከውን እቀበላለሁ። ግን ይህ አልበም የጊታር አልበም አይደለም፤ የሃርሞኒካ አልበም ነው። ከ12ቱ አራቱ ሊትል ዎልተር የቀዳቸው ናቸው፦ "ጀስት ዩር ፉል"፣ "ብሉ ኤንድ ሎንሰም"፣ "አይ ጋታ ጎ"፣ "ሄት ቱ ሲ ዩ ጎ"።

ሊትል ዎልተር ያደረገውን ለማያውቅ ልንገር። ከሱ በፊት ሃርሞኒካ አብዛኛውን ጊዜ ማይክ ፊት ቆመው የሚነፉት ነገር ነበር። እሱ ርካሽ ማይክ፣ ለታክሲ ጥሪና ለአዳራሽ ማስታወቂያ የሚያገለግለውን ዓይነት፣ ከሃርሞኒካው ጋር አንድ ላይ በሁለት እጁ ጨበጠውና ገመዱን የጊታር አምፕሊፋየር ላይ ሰካው። በመዳፉ ውስጥ የታፈነው አየር ማይኩን ሲያጨናንቀው፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ፣ ድምፁ እንደ ሳክስፎን ወፈረ። በ1952 "ጁክ"ን አወጣ፤ ግጥም የሌለው የሃርሞኒካ ሙዚቃ በጥቁሮቹ ገበያ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

ጃገር ሃርሞኒካ መንፋቱን ሰው ይረሳዋል፤ እኔም ረስቼው ነበር። በመድረክ ሲሮጥ ስለምናየው። እዚህ ላይ ግን ቆሞ ይነፋል። "አይ ጋታ ጎ" ላይ ትንፋሹ ሲያጥር ይሰማል፤ አላጠፉትም፣ አላጸዱትም። አንድ ክፍል ውስጥ ስለተቀዳ የሱ ማይክ ውስጥ ከበሮው ይገባል፣ የከበሮው ማይክ ውስጥ ጊታሩ። ጓዳ ውስጥ አብሬያቸው የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ሃርሞኒካ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብሉዝ የሚነፋው በዘፈኑ ቃና በተሠራ ሃርሞኒካ አይደለም። ባንዱ በኢ (E) ሲጫወት የኤ (A) ሃርሞኒካ ትይዛላችሁ፣ በጂ (G) ሲሆን የሲ (C)። እንዲህ ሲሆን ዋናው ድምፅ በመንፋት ሳይሆን በመሳብ ይመጣል፤ ሲስቡት ደግሞ ማጣመም ይቻላል፣ ልቅሶው እዚያ ላይ ነው። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ስድስት ወር በከንቱ ነፍቻለሁ።

ሸክላ ሰብሳቢ

ሃርሞኒካዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ስለ ትንፋሹ ያልሽውን ሄጄ ሰማሁት፤ እውነትሽን ነው።

የፒያሳው፣ በአንድ ነገር ብቻ ልመልስልህ። ከጎኑ ሲያስቀምጡት ማንም ከኦቲስ ራሽ አይበልጥም፤ እነሱም እንበልጣለን ብለው የቀዱት አይመስለኝም። ዘፈኖቹን ልብ ብለህ እያቸው። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ለገበያ የሚመቸውን መምረጥ ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን የላይትኒን ስሊምን "ሁዱ ብሉዝ"፣ የኤዲ ቴይለርን "ራይድ ኤም ኦን ዳውን"፣ የሊትል ጆኒ ቴይለርን ነው። ጥግ ላይ የቀሩትን። እኔ ኤዲ ቴይለርን ያገኘሁት በነሱ በኩል ነው።

ከበሮ መቺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ስለ ቻርሊ ዋትስ ማንም ሳያነሳ ይህ ውይይት እንዳያልፍ ብዬ ነው የገባሁት።

በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ አካባቢ ባሉ የሐበሻ ምሽት ቤቶች ከበሮ እመታለሁ። ለወጣት ከበሮ መቺዎች ሁልጊዜ የማሳየው የቻርሊን ቀኝ እጅ ነው። ግራ እጁ ስኔሩን (ባለ ሽቦውን ትንሽ ከበሮ) ሲመታ ቀኝ እጁ ከሃይ-ሃቱ (ከጥንዱ ጸናጽል) ላይ ይነሳል፤ አብሮ አይመታም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ስኔሩ ብቻውን ይሰማል፣ ምቱ መካከል አየር ይገባል። እሱ በልቡ የጃዝ ሰው ነበር። ሮክ ሲጫወትም እንደ ጃዝ ሰው እንጨቱን በቀላሉ ነው የሚይዘው።

ሸፍል የሚባለው የብሉዝ ምት ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ አንዱን ምት ሦስት ቦታ ከፍለህ መካከለኛውን ትተዋለህ። ከኛው ስድስት ስምንተኛ ምት ጋር ዘመድ ነው፣ ለኛ ልጆች እጅ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አለመቸኮል ነው። "ጀስት ላይክ አይ ትሪት ዩ"ን ስሙት፤ ጊታሮቹ ሊሮጡ ይፈልጋሉ፣ እሱ ይይዛቸዋል። "ሊትል ሬይን" ላይ ደግሞ የሌለ ያህል በቀስታ ነው የሚመታው። 74 ዓመቱ ነው! በኦገስት 2021 ሲያርፍ 80 ዓመቱ ነበር፤ በሕይወት እያለ የወጣው የባንዱ የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበም ይኸው ሆነ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አልበሙን እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

ባለ ክራር

አንድ ጥያቄ ልጨምር። እኛ አገር "ትዝታ የኛ ብሉዝ ነው" ማለት የተለመደ ነው፤ በውጭ አገር ሰዎችም ዘንድ እንዲሁ። እኔ ክራር አስተምራለሁና ተማሪዎች ሁሌ ይጠይቁኛል። በድምፆቹ ከሄድን ነገሩ ልክ አይደለም። ብሉዝ የሚቆምበት አምስት ድምፅ ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ሚ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። ይህ ከማይነር ባቲ ቅኝት ጋር አንድ ነው፤ ከትዝታ ጋር አይደለም። ብሉዝ ደግሞ በዚህ ላይ በሚና በሚ ፍላት መካከል የሚንሸራተት፣ ፒያኖ ላይ የሌለ ድምፅ አለው። ጊታር ተጫዋቹ ጣቱ ላይ የጠርሙስ አንገት ወይም የብረት ቧንቧ አስገብቶ ክሩ ላይ የሚያንሸራትተው ያንን ድምፅ ፍለጋ ነው።

ግን በሌላ መንገድ ከሄድን ትዝታና ብሉዝ በእውነት ይገናኛሉ፤ ከዚህ ውይይት ጋር የሚያያዘውም እሱ ነው። ትዝታን ያልዘፈነ ድምፃዊ ማን አለ? ዜማው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ስንኝ ያስገባበታል፣ ከሌላው የሰማውንም ይጨምራል። ማንም "ኮረጀ" ብሎ አይከስስም። ብሉዝም እንዲሁ ነበር፤ ባለ 12 ባር (12 የምት ክፍል) ቅርጹ የሁሉም ነው። አንድ ስንኝ ይባላል፣ ይደገማል፣ በሦስተኛው ይታሰራል። ያ ስንኝ ከሚሲሲፒ እስከ ቺካጎ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ነው የኖረው። ስለዚህ "ከቨር" (የሌላን ሰው ዘፈን እንደገና መጫወት) የሚለው ቃል ራሱ ለብሉዝ ጠባብ ይመስለኛል።

ቺካጎ የምኖር

ባለ ክራር፣ ያልከው ደስ ይላል፤ ግን ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይለወጣል። ዜማው የሁሉም ከሆነ ክፍያው ለምን ለአንዱ ብቻ ይሄዳል?

ስቶንሶቹ ራሳቸው እዚህ ላይ ንጹሕ አይደሉም። በ1968 "ቤገርስ ባንኬት" ላይ ያለው "ፕሮዲጋል ሰን" መጀመሪያ ሲታተም ደራሲዎቹ ጃገርና ሪቻርድስ ተብሎ ነው። ዘፈኑ ግን የቄስ ሮበርት ዊልኪንስ ነው፤ በ1929 በሌላ ርዕስ ቀድተውት ነበር። ስማቸው የገባው በኋላ ነው። የሮክ ባንዱ ሌድ ዜፔሊን ደግሞ በ"ሆል ሎታ ላቭ" ምክንያት በ1985 በዊሊ ዲክሰን ተከሰው፣ በኋላ በስምምነት ተጨረሰ።

እዚህ የምኖረው 2120 ሳውዝ ሚሺጋን አቬኑ ከሚባለው አድራሻ ብዙም ሳልርቅ ነው። የሸክላ ኩባንያው የቼስ ሬኮርድስ ስቱዲዮ የነበረበት ቤት ነው፤ የብሉዝ ድምፃዊው ሃውሊን ዎልፍም፣ መዲ ዎተርስም፣ ሊትል ዎልተርም እዚያ ነው የቀዱት። ስቶንሶቹ በጁን 1964 መጥተው ቀድተዋል፤ አድራሻውን ራሱን የዘፈን ርዕስ አድርገውታል። ዛሬ የዊሊ ዲክሰን ቤተሰብ ገዝቶት "ብሉዝ ሄቨን" የሚባለው ድርጅት ይሠራበታል። ዲክሰን ያቋቋሙት የብሉዝ ሰዎች መብታቸውንና ክፍያቸውን እንዲያገኙ ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ እዚያ እወስደዋለሁ። ደረጃው ጠባብ ነው። መዲ ዎተርስ አምፕሊፋየር ተሸክሞ ይህን ደረጃ ሲወጣ ይታየኛል።

ሪቻርድስ እንደሚለው፣ ያኔ ሲገቡ መዲ ዎተርስ መሰላል ላይ ሆኖ ጣሪያ ቀለም እየቀባ ነበር። ጀግናቸው በራሱ ስቱዲዮ ቀለም ቀቢ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

የፒያሳው

ቺካጎ የምኖር፣ ወንድሜ፣ የቀለሙን ታሪክ ተወው። የባለቤቱ ልጅ ማርሻል ቼስ ፈጽሞ አልሆነም ብሏል። መዲ ያኔ ትልቅ ሰው ነበር፣ አለባበሱም እንደ ንጉሥ። ሪቻርድስ ታሪክ ሲያወራ እንደሚያሳምር ይታወቃል። መዲን ቀለም ቀቢ አድርገን ካላየነው በቀር ክፋቱ የማይገባን ከሆነ፣ ችግሩ ከኛ ነው። ያልተከፈለው ክፍያ ራሱ በቂ ክፋት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ይህንንም ልጻፍ። በ1965 "ሺንዲግ" የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጋብዛቸው፣ ሃውሊን ዎልፍም ይቅረብ ብለው ቅድመ ሁኔታ አቆሙ። ዎልፍ ሲዘፍን እነሱ እግሩ ሥር ተቀምጠው አዩት። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ነጭ ወጣት ቤቱ ሆኖ ያን ሰውዬ ያየው በነሱ ምክንያት ነው። የዎልፍ ጊታር ተጫዋች ሂውበርት ሰምሊን በዲሴምበር 2011 ሲያርፍም የቀብሩን ወጪ የሸፈኑት ጃገርና ሪቻርድስ ናቸው። ስለዚህ አልበማቸውን ባልወደው እንኳ፣ ፍቅራቸውን አልጠራጠርም።

የድሮ አድማጭ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን አንድ በአንድ አነበብኩት። እኔ አስመራ ነው ያደግሁት፤ ቃኘው ሰፈር የነበሩት አሜሪካኖች ሬዲዮ ነበራቸው። እኛ ልጆች ቋንቋው ሳይገባን እናዳምጥ ነበር። ከዚያ የገባው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አዛውንት ባንድ የሌላ ሕዝብ ሙዚቃ ሲጫወት ከተባለ፣ የራሳችንን ሰው ላስታውሳችሁ። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ የፓንክ ባንድ አለ፤ በ1979 የተቋቋመ። ጌታቸው መኩሪያ፣ ሽለላን በሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው፣ በ2004 አምስተርዳም ሄዶ ሰማቸው። ከነሱ ጋር ልቅዳ ያለው እሱ ነው። በ2006 "ሞዓ አንበሳ" ወጣ። ጊታሮቹ ይጮሃሉ፣ ይጋጫሉ፤ እሱ መካከላቸው ገብቶ ይፎክራል። ያኔ ከ70 ዓመት በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በየአገሩ አብረው ተጫውተዋል፤ በ2016 አረፈ።

ልዩነቱን ተመልከቱልኝ። እዚያ ባለቤቱ ራሱ በሕይወት እያለ፣ መሐል ቆሞ ነው። ሊትል ዎልተር ይህን አላገኘም።

ሃርሞኒካዬ

ጋሼ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ልቤን ነካው። እስቲ ይጨምሩልን፤ ጌታቸውን መድረክ ላይ አይተዋቸው ያውቃሉ?

የድሮ አድማጭ

አዎ ልጄ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ጊዜ። የአንበሳ ጎፈር አድርጎ ነበር የወጣው። ያን ሳክስፎን ወደ ሕዝቡ ሲያዞረው፣ ከፊት የተቀመጥነው ወደ ኋላ ነበር የምንለው።

ሸክላ ሰብሳቢ

ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት ነገር ከጻፍኩት ሁሉ በላይ ሄደ። እውነት ነው፤ በ1981 ስቶንሶቹ ቺካጎ፣ ቼከርቦርድ ላውንጅ በምትባል ትንሽ ክበብ ከመዲ ዎተርስ ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመዋል። መዲ በስማቸው እየጠራ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፤ ፊታቸው ላይ የተማሪ ድንጋጤ አለ። "ብሉ ኤንድ ሎንሰም" የዘገየ ነገር ነው ማለት ነው፤ መምህሮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ካለፉ በኋላ የተሠራ። ኦቲስ ራሽ ግን አልበሙ ሲወጣ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ2018 ነው። እዚህ ላይ የፒያሳው ሳያሸንፈኝ አልቀረም።

አንድ ነገር ግን ጨምሬ ልሂድ። በ2023 "ሃክኒ ዳይመንድስ"ን ሲያወጡ፣ ያ ከአንዱ በቀር በሙሉ የራሳቸው ዘፈን ያለበት አልበም የተዘጋው በመዲ ዎተርስ ዘፈን ነው፤ ስማቸውን በሰጣቸው። ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ጃገርና ሪቻርድስ፣ በአንድ ጊታርና በአንድ ሃርሞኒካ። ባንዱ ሁሉ ክፍሉን ለቆ የወጣ ይመስላል። የ2016ቱ አልበም ባይኖር ይህችን ለመቅዳት የሚደፍሩ አይመስለኝም።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ እኔ ብሉዝ ሰምቼ አላውቅም። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፤ በእረፍቴ አነበብኳችሁ። ከየት ልጀምር?

የፒያሳው

እንኳን ደህና መጣሽ ወይም መጣህ። አልበሙን ከፊት ወደ ኋላ አትስማው። መጀመሪያ የሊትል ዎልተርን "ብሉ ኤንድ ሎንሰም"፣ ከዚያ የስቶንሶቹን። መጀመሪያ የጂሚ ሪድን "ሊትል ሬይን"፣ ከዚያ የነሱን። ሃውሊን ዎልፍን "ኮሚት ኤ ክራይም" ላይ ስማው፤ ኮርዱ አንድ ነው፣ አይለወጥም፣ ግን እስኪያልቅ አትተነፍስም። ኦቲስ ራሽን ለመጨረሻ አቆየው። በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻህን ሆነህ።

ከበሮ መቺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የፒያሳው ያለው ላይ አንድ ብቻ ልጨምር፤ "ሁዱ ብሉዝ" ላይ ከቻርሊ ጋር ጂም ኬልትነር አለ። ሁለት አንጋፋ ከበሮ መቺዎች እንዴት አንዱ ለሌላው ቦታ እንደሚለቅ ስማ።

አዲስ ገቢ

እሺ፣ ሰማሁ። ዛሬ ሌሊት እንደ ትእዛዙ አደረግሁ። የሊትል ዎልተርን ሃርሞኒካ መጀመሪያ ሳክስፎን ነው ብዬ ነበር፤ ተመልሼ የሃርሞኒካዬን ጽሑፍ አነበብኩ። ስቶንሶቹ እነሱን ተከትለው ሲመጡ ወደድኳቸው፤ በተለይ "ሊትል ሬይን"ን ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

በመጨረሻ ኦቲስ ራሽን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ቃል ሲያወጣ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ከሱ በኋላ የስቶንሶቹን መክፈት አልቻልኩም። ነገ እሰማዋለሁ።